ሃያ ሦስት ሰዎች አዎ ሲሉ

አንድ ሰው ነበር። ሥራው ሰዎችን ወደ ላይ አውጥቶ በሰላም ማውረድ ነበር።

ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ከተማ፣ በመዝናኛ ፓርክ ውስጥ፣ ማሽን ያንቀሳቅስ ነበር። ማሽኑን ባታዩት እንኳ ብጤውን አይታችኋል። መሐል ላይ ወፍራም ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ዙሪያ ረጃጅም የብረት ክንዶች ተዘርግተዋል። በክንዶቹ ጫፍ ላይ፣ ሁሉም ተደምረው፣ ሃያ አራት ወንበሮች አሉ። ሰው ይቀመጣል። ከትከሻው በላይ የብረት ማቀፊያ ወርዶ ደረቱን ይይዘዋል። ከዚያ ማሽኑ ከመሬት ያነሳውና እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይሽከረከራል። የከተማው ሰው ንስሩ ይለዋል። በዚያች ከተማ አንድን ጎረምሳ «ንስሩ ላይ ወጥተሃል?» ብሎ መጠየቅ «ወንድ ነህ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነበር።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ሰብሰብ ስታደርጉ አየሁ። «ዛሬ ደግሞ መዝናኛን ሊያወግዝ ነው» ብላችኋል። ሌሎቻችሁ ደስ ብሏችኋል፤ እናንተ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ወጥታችሁ ስለማታውቁ ዛሬ የሚገረፈው ጎረቤታችሁ ነው። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ሰው ሲስቅ ባየ ቁጥር የሚቆጣ ሰባኪ ሰነፍ ሰባኪ ነው። ልጆቹን ይዞ ፓርክ የሄደ አባት፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሰው ሲያማ ከዋለ ጸሎተኛ ይሻላል። ቅር ያለው ሰው ሲወጣ ያናግረኝ። እኛ ወደ ሰውዬው እንመለስ።

ስሙ ቢያድግልኝ ነው። ማሽኑን የተከለው ጋሽ ወልደየስ የሚባል ሽማግሌ መካኒክ ነበር፤ ሥራውንም ያስተማረው እሱ ነው። ትምህርቱ አጭር ነበር። ሰዎቹ ከተቀመጡ በኋላ ከመጀመሪያው ወንበር ጀምረህ ዙር። በእያንዳንዱ ወንበር ፊት ቁም። ማቀፊያውን በሁለት እጅህ ያዝና ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ሳበው። የተቀመጠውን ሰው ፊት እየው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂድ።

ቢያድግልኝ ወጣት ነበርና ጠየቀ። ብረቱ ሲቆለፍ ቀጭ ይላል፤ ሃያ አራት ጊዜ ቀጭ ሲል ከሰማሁ ለምን እዞራለሁ አለ።

ሽማግሌው እንዲህ አለው። «የተቆለፈውም ቀጭ ይላል፣ ያልተቆለፈውም ቀጭ ይላል። ልዩነቱን የሚያውቀው እጅህ ነው።»

ፊታቸውንስ ለምን አያለሁ አለ። ሰው ሲፈራ ለማንም አይናገርም፣ ያፍራል፣ ፊቱ ግን አያፍርም አለው።

ቢያድግልኝ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አደረገ። ለአንድ ዙር አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። መዳፉ ሻከረ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ እጁ ስንት ያልያዘ ብረት አገኘ? እሱም አያውቅም። ሲያገኝ «አንዴ ይቅርታ» ይልና ደግሞ ወደ ታች ይጫነዋል፣ ይስበዋል፣ ይዟል፣ ያልፋል። ያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ከሞት መትረፉን አያውቅም። ተሽከረከረ፣ ጮኸ፣ ወረደ፣ በቆሎ ጥብስ ገዝቶ ሄደ። ወገኖቼ፣ ስላልደረሰባችሁ አደጋ አመስግናችሁ ታውቃላችሁ? ማንንስ? ያዳነህን ሰው ስሙን ታውቀዋለህ?

ከዚያ ፓርኩ ታወቀ። የበዓል ቀን ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ይወጣ ጀመር። ሰልፍ ደግሞ አፍ አለው። «ወንድም፣ እንዲህ እንደምትዳስሰን ብናውቅ ሐኪም ቤት እንሄድ ነበር» ይለዋል አንዱ። «እያንዳንዱን ስመህ ልትሸኝ ነው?» ይለዋል ሌላው። አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ልጄን የወለድኩት እዚህ ሰልፍ ላይ ነው ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችበት። ቢያድግልኝም አብሮ ሳቀ። ሲስቅ ግን አንገቱ ላይ ላብ ነበረው።

የፓርኩ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ብዙአየሁ ትባላለች። አንድም ቀን አትፈትሽ አላለችውም። ኃላፊ እንዲህ ብሎ አያውቅም። እሷ ያለችው «ትንሽ ቀልጠፍ በል፣ ሰው ፀሐይ ላይ ነው» ብቻ ነው። ይህ ክፋት ነው? ሰው በእርግጥ ፀሐይ ላይ ነበር። እኔን እንዲህ ያለ ንግግር ያስፈራኛል፤ ለሕዝብ ከመራራት የተሠራ፣ አንድም የሚያዝ ጠርዝ የሌለው።

ከዚያ ማይክ ሰጡት።

መጀመሪያ ማይኩን የያዘው ሰዎቹን ለማረጋጋት ነበር። እየዞረ እየፈተሸ ያዋራቸዋል። አንድ ቀን ግን፣ ገና ግማሹን ሳይፈትሽ፣ እንዲሁ ከአፉ አመለጠውና ጠየቀ። «ብረቱ ይዟል?» አለ። «አዎ» አሉ ሁሉም ባንድነት። ደስ አለው። «አልሰማሁም» አለ። «አዎ» ብለው አስተጋቡ፣ ሰልፍ ላይ የቆሙትም ጭምር፣ ወንበር ላይ ያልተቀመጡት እንኳ ይዟል አሉ። ያን ቀን ቢያድግልኝ አንድ ነገር አወቀ፤ ሰው ተነካክቶ ከሚጠበቅ ተጠይቆ ቢጮህ ይመርጣል።

በአንድ ቀን ፍተሻውን ተወ? አልተወም። ማንም ሰው አንድ ጠዋት ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ ግድ የለሽ እሆናለሁ» አይልም። መጀመሪያ እየጠየቀ ይፈትሻል። ቀጥሎ አንዱን እየዘለለ ይፈትሻል። ቀጥሎ ልጆችን ብቻ። ቀጥሎ ሥራ ባልበዛበት ቀን ብቻ። በመጨረሻ ከመቆጣጠሪያው ጎጆ ሳይወጣ፣ ማይኩን ይዞ፣ ይጠይቃል። ብረቱ ይዟል? አዎ። አልሰማሁም። አዎ። እንግዲያው እጅ ወደ ላይ። ሃያ አራት ሰው እጁን ያነሳል። እሱ ቁልፉን ይጫናል። ንስሩ ይነሳል።

ጥያቄው ራሱ ትርዒት ሆነ። ከሌላ ከተማ ሰው ለእሱ ብሎ መጣ። ጩኸቱ ውስጥ መሆን ከመሽከርከሩ ይበልጥ ጣፈጣቸው። ወይዘሮ ብዙአየሁ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ገዛችለት። በአምስት ወር ውስጥ መዳፉ ለሰለሰ።

በእነዚያ አምስት ወራት ምን ሆነ? ምንም። ይህን ቃል አስተውሉት። ምንም አልሆነም። ጋሽ ወልደየስ በሕይወት ኖሮ ፈትሽ ቢለው ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር። «ይኸው አምስት ወር፣ ሁሉም ሰላም» ይሉት ነበር። እኔ ከክፉ ዜና ይልቅ ይህንን ምንም የሚባል ዜና እፈራለሁ። አምስት ወር ሙሉ ዕድል የሠራችውን ሥራ ሰውዬው የራሱ መስሎት ደመወዝ በላበት።

አሁን ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ።

ሐረገወይን ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች፤ ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ ሲንጀሯን ዘርግታ። እናቷ ሞታ ዓመት ሙሉ ከል ለብሳ ነበር። ከፋሲካ በፊት ከሉን አወለቀች። ታናሽ እህቷ ስንዱ በበዓሉ ማግስት መጣችና በይ ተነሺ፣ ጥቁር ካወለቅሽ አሁን ደግሞ ሳቂ አለቻት። ጎትታ ወሰደቻት። ይህ ፍቅር ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላገኘሁት ነገር ቢኖር ክፉ ሰው ነው፤ ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ፤ እሱን ረግሜ በሰላም ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ከቀኑ አስር ሰዓት ግድም ተራቸው ደረሰ። ሁለቱ እህትማማቾች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማቀፊያው ወረደ። ቀጭ አለ።

ሐረገወይን ሰፊ ናት አላልኳችሁም? ሰፊ የሰፋችውን ስፌት በዓይኗ አታምንም። በሁለት እጇ ይዛ ትጎትተዋለች፤ ከተፈታ እዚያው ይፈታ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሄዶ ከሚዋረድ። ይህ ልማድ እጇ ላይ ነበር። እናም ሳታስበው፣ እንደ ሥራዋ፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው።

ተነሳ። አንድ ስንዝር ያህል ከደረቷ ተነሳ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቁሙ። ማሽኑ ገና አልተነሳም። እግሯ መሬት ላይ ነው። ሴትየዋ አውቃለች። ከሃያ አራቱ ሰው፣ ማይክ ከያዘውም ሰው፣ ከሥራ አስኪያጇም ይልቅ እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ይስማት።

ለእህቷ ነገረቻት። «ስንዱ፣ የኔ ይነቃነቃል» አለቻት።

ስንዱ ሳቀች። «እትዬ፣ እሱ ፍርሃት ነው። የሁሉም እንዲሁ ነው። ያዝ አድርጊው።»

ሐረገወይን ወደ ጎጆው ዞረች። «ወንድሜ፣ አንዴ» አለች። በምን ዓይነት ድምፅ አለች? ሱቅ ውስጥ በምንናገርበት ድምፅ፤ ጨዋ ሴት እንግዳ ሰው ስትጠራ በምትጠራበት ድምፅ። በዚያው ቅጽበት ስፒከሩ ተከፈተ። ብረቱ ይዟል? ሃያ ሦስት ሰው አዎ አለ። እሷ እጇን አነሳች፣ እንዲያያት። አልሰማሁም አለ ቢያድግልኝ። ሃያ ሦስት ሰው አዎ ብሎ ጮኸ። ስንዱም ጮኸች። እንግዲያው እጅ ወደ ላይ አለ። ሃያ ሦስት እጅ ተነሳ፤ የሐረገወይን እጅ ከሃያ ሦስቱ መሐል ጠፋ።

አላያትም ነበር? አይቷታል። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ራሱ ተናግሯል። ያቺ ሴት ከሁሉም ቀድማ እጇን ስታነሳ አይቻለሁ፤ ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር አለ።

እናንተ አሁን በልባችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ታዲያ ለምን አልወረደችም? ብረቱ ይነሳ ነበር። እግሯ መሬት ይነካ ነበር። ብረቱን ገፋ አድርጋ መነሳት ትችል ነበር። ለምን ቁጭ አለች?

እናንተው ንገሩኝ። ለምን ቁጭ እንዳለች እዚህ አገር የተወለደ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከፊቷ መቶ ሰው ሰልፍ ላይ ቆሟል፣ ሁሉም ያያታል። በበዓል ልብሷ ተነስታ ብትሄድ ይስቃሉ። እህቷ ታፍራለች። ማሽኑ በእሷ ምክንያት ይቆማል። ሰውዬው ተጠርቶ ቢመጣና ብረቱ ደህና ቢሆንስ? ሰው ምን ይላል? ይሉኝታ የምንለው ነገር በባህላችን ውስጥ እንደ ጌጥ ተሰቅሏል፤ ስንት ሰው እንደተሰቀለበት ግን የሚቆጥር የለም። ሐረገወይን አንድን ሰልፍ ላለማስቆም ስትል ቁጭ አለች። ሁለቱን እጆቿን ብረቱ ላይ አደረገች። ሊይዛት የሚገባውን ብረት እሷ ልትይዘው ወሰነች።

ንስሩ ተነሳ። አንድ ዙር ያዘችው። ሁለተኛውንም ያዘችው። ከዚህ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም። ልነግራችሁ ስለማልችል አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለማልቀስ ብቻ የሚሰሙ ሰዎች በመካከላችሁ ስላሉ ነው። ረቡዕ ቀበሯት።

ቀብሩ ላይ ሦስት አገልጋዮች ተናገሩ። ሦስቱም አንድ ነገር አሉ፤ ጊዜዋ ደርሶ ነው። ሕዝቡም ራሱን ነቀነቀ። ይህን ስሰማ ያንን መቃብር በእጄ መክፈት አማረኝ። ጊዜዋ አልደረሰም። ብረቷ አልያዘም። እኛ ያልፈተሽነውን ሁሉ እግዚአብሔር ላይ መለጠፍ ከየት ተማርን? ሰነፍ ሐኪም ያደርገዋል፣ ሰነፍ ሹፌር ያደርገዋል፤ ከእነሱ ሁሉ አስቀድሞ ግን ያስተማራቸው ሰነፍ ሰባኪ ነው። «ፈቃዱ ነው» የምትለው ቃል በአፋችን ውስጥ እጅ መታጠቢያ ሆናለች።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። የቢያድግልኝ መከላከያ አንድ ነበር፤ ጠይቄያለሁ፣ አዎ ብለዋል። ምስክሮቹ ተጠሩ። ሃያ ሦስቱም ማለት ይቻላል፣ አንድ በአንድ ቀርበው፣ እውነት ነው ጠይቆናል፣ አዎ ብለናል አሉ። ሁሉም እውነት ተናገሩ። በዚያ ችሎት አንድም ውሸት አልተነገረም።

መጨረሻ ላይ ስንዱ ቆመች። ዳኛው ጥያቄው በድምፅ ማጉያ ሲቀርብ ምን ብለው መለሱ አሏት። አዎ ብዬ ጮኽኩ አለች። እህትዎ ብረቱ እንደሚነቃነቅ ከዚያ በፊት ነግረዎት ነበር ወይ አሏት። ነግራኛለች አለች። ታዲያ እንዴት አዎ አሉ አሏት።

 ስንዱ «ሁሉም ሲል አልኩ» አለች።

ይህን ታሪክ ከየት አመጣኸው ትሉኛላችሁ። ከራሱ ከሰውዬው ነው። ባለፈው ዓመት ለአገልግሎት ወደ አንድ ማረሚያ ቤት ሄጄ ነበር። ታውቁኛላችሁ፣ ስሰብክ ድምፄ ትልቅ ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት መቶ እስረኛ ተሰብስቧል። ሰበክሁ፣ ሞቀልኝ፣ እናም እንደ ልማዴ ጠየቅሁ። ይህ ቃል ገብቷችኋል? አሜን በሉ። አሉ። አልሰማሁም አልኩ። ግቢው ተናወጠ። ደስ ብሎኝ ወረድሁ።

ስጨርስ አንድ ሰው ከኋላ መጣ። ቀጭን ነው፣ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ግን አለቀቀኝም። «ፓስተር፣ ቅድም ሲጠይቁን መልስ ፈልገው ነው ወይስ ድምፅ?» አለኝ።

ተቆጣሁ። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፣ ከእናንተ አልሰውርም። ዲግሪዎቼ ሁሉ አብረውኝ ተቆጡ። መልስ ነው እንጂ ምን ጥያቄ አለው አልኩት።

«እንግዲያው ከመለሱልዎት መካከል የአንዱን ስም ይንገሩኝ» አለኝ።

አላወቅሁም። ከሦስት መቶው የአንድ ሰው ስም አላወቅሁም። ከዚያ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝና የነገርኳችሁን ሁሉ ነገረኝ። ሲጨርስ ይቅርታ ስለማግኘት ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ የተዘጋጀ ነገር ሁልጊዜ አለኝ። እጁን አንስቶ አስቆመኝ። እኔ ታስሬያለሁ፤ እርስዎ ግን እሁድ ተመልሰው ይጠይቃሉ አለኝ።

ተመለስኩ። ጠየቅሁም። ልማድ ነው፤ ከአፌ ወጣ። እናንተም አሜን አላችሁ። 

አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ጠየቅኋችሁ? እምነታችሁ ይዟል? አሜን። ቤታችሁ ሰላም ነው? አሜን። አልሰማሁም። አሜን። ጩኸታችሁ በደመቀ ቁጥር «ዛሬ መንፈስ ነበረ» እያልን ተመለስን። ድምፅ ማጉያ ቀየርን፣ ከዚያም ደግሞ ቀየርን። ከእናንተ ውስጥ የአንዱን ማቀፊያ በእጄ የሳብኩት መቼ ነው? የአንዱን ፊት ያየሁት መቼ ነው? ከዚህ ሆኜ የማየው ራስ ነው፣ ፊት አይደለም።

እጅም ይነሳል። እሁድ እሁድ ይህ አዳራሽ በተነሳ እጅ ይሞላል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አመሰግናለሁ። ከእነዚያ እጆች መካከል የትኛው ምስጋና ነው፣ የትኛው «ወንድሜ፣ አንዴ» የሚል ነው? በምን ልለየው? አልለየሁትም። እናንተም አልለያችሁትም፣ እናንተ ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጣችኋል።

አዎ፣ አሁን ወደ እናንተ መጣሁ። እኔን ስወቅስ ጥሩ አድርጋችሁ ሰምታችሁኛል። እናንተ በዚህ ታሪክ ማን ናችሁ? ስንዱ ናችሁ። አንዲት ሴት ባለፈው ዓመት አጠገባችሁ ተቀምጣ ባሌ ይመታኛል አለች፤ «የሁሉም ቤት እንዲሁ ነው፣ ቻይው» አላችኋት። አንድ ሰው መጸለይ አቅቶኛል፣ ስጸልይ ከግድግዳ ጋር የማወራ ይመስለኛል አለ፤ «ፈተና ነው፣ ያልፋል» አላችሁት። አንድ ወጣት መኖር ሰልችቶኛል አለ፤ ሳቃችሁ። ከዚያ እኔ ከዚህ ስጠይቅ ሁላችሁም አሜን አላችሁ፣ እነሱም አብረው አሉ። ሁሉም ሲል አሉ። ያ ወጣት የት እንዳለ ታውቃላችሁ። በግንቦት ሄደን አልቅሰንለታል። በዚያም ቀን አንዳችን ጊዜው ደርሶ ነው አለ። ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን መፍትሔ የምትጠብቁ አላችሁ። ጥሩ ሰባኪ እዚህ ላይ ነገሩን ገልብጦ በተስፋ ያወርዳችኋል። እኔ ግን የምሰጣችሁ የለኝም። ከማረሚያ ቤቱ ከተመለስሁ በኋላ እየዞርኩ፣ ቤት ለቤት፣ አንድ በአንድ ላያችሁ ሞከርኩ። በስምንት ወር አርባ አንድ ሰው ዘንድ ደረስኩ። እናንተ ከዘጠኝ መቶ በላይ ናችሁ። አርባ አንደኛው ዘንድ ስደርስ የመጀመሪያው ላልቷል። ሽማግሌዎችን ለመንኳቸው፣ እነሱም ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ጠይቆ ሁሉም ደህና መሆኑን ሪፖርት አቀረበ። እንዴት እንደጠየቀ አልነገረኝም፣ እኔም አላጣራሁም፤ ደክሞኝ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ለዘጠኝ መቶው የምለው የለኝም። የቀረውን ጊዜ ለአንድ ሰው ነው የምናገረው። ማን እንደሆንህ አላውቅም። ሴት እንደሆንሽ ወይም ወንድ እንደሆንህ አላውቅም። ከሁለት ወር በፊት ይሁን ከሁለት ዓመት፣ የያዘህ ነገር እንዳልያዘህ በእጅህ ሞክረህ አውቀሃል። ለአንድ ሰው ነግረህ ሳቀብህ። አሁን ቁጭ ብለህ፣ ፊትህን አስተካክለህ፣ በገዛ ክንድህ ይዘኸዋል። ደክሞሃል። ለስንት ዙር እንደምትችል አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።

እባክህ፣ እጅህን አታንሳ። እጅ ማንሳትን እኛ አበላሽተነዋል፣ ማንም አያይህም። ተነስ። በሰው መሐል እየተጋፋህ፣ የሰው እግር እየረገጥህ፣ ውጣ። ሰው ዞር ብሎ ያይሃል፣ ይንሾካሾካል፤ ይንሾካሾክ። ጉባኤው ይቁም። ምሳ ይዘግይ። ለአንድ ሳምንት ወሬ ሁነን። በሕይወት ያለ ወሬ ሁን። ወደዚህ ለመምጣት ካፈርህ በበሩ ውጣ፣ እኔ እከተልሃለሁ፤ ስብከቱን እዚህ ጥዬ እከተልሃለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማንም የሚነሳ አይመስለኝም። ይህንኑ በሁለት ሌላ ጉባኤ ሞክሬያለሁ። ማንም አልተነሳም። ሲያልቅ ሁሉም መጥተው ግሩም መልእክት ነበር ብለው ጨበጡኝ። ከጨበጡኝ እጆች መካከል አንዱ ቶሎ አልለቀቀኝም፤ የቱ እንደነበረ ልብ ሳልል አለፈ።

ቢሆንም እጠብቃለሁ። አሁን ዝም እላለሁ። አሜን አትበሉኝ። መዘምራን፣ እባካችሁ፣ ኪቦርዱን አትንኩት።